ቡችላውን ከመውሰድዎ በፊት እናቱን ይዩ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 ነው። እኔ፣ ባለቤቴና የ9 ዓመት ሴት ልጃችን ከሌሎች ተከራዮች ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ይዘናል። አከራያችን ውሻ እንድናሳድግ ፈቅደውልናል፤ ከዚህ በፊት ግን ውሻ ኖሮን አያውቅም። አንድ ሰው ንጹሕ ዘር የሆነ የአንድ ወር የጀርመን ውሻ ሊሸጥልኝ ነው፤ ‹በጣም ሕፃን ሆኖ ካልወሰድከው አይለምድህም› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ የሐበሻ ውሻ ይሻላል፣ አይታመምም፣ ክትባትም አያስፈልገውም ትላለች። ሌባ ስላስቸገረን ጠባቂ እንፈልጋለን፤ ልጃችን የምትፈልገው ግን የጨዋታ ጓደኛ ነው። የቱን ልውሰድ? ቀን ቀን አስሬ፣ ከሥጋ ቤት ሳንባ እየገዛሁ ማሳደግ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ የአንድ ወር ቡችላ አይውሰዱ። ዘሩ ምንም ቢሆን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይውሰዱ። ሻጩ የነገረዎት የእውነቱን ተቃራኒ ነው። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር እየተላፋ ከሚማረው ሁሉ ትልቁ ጥርሱን መቆጣጠር ነው። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ይሸሸዋል፣ እናቱ ታጉረመርምበታለች፤ እንዲህ እያለ የጨዋታ ንክሻና የጠብ ንክሻ ልዩነት ይገባዋል። በአንድ ወሩ ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ ይህን ትምህርት የሚጨርሰው በልጅዎ እጅና እግር ላይ ነው። ሰውንና አካባቢውን በቀላሉ የሚላመድበት ዕድሜ እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ስለሚዘልቅ፣ በ8 ሳምንቱ ቢወስዱት ምንም አያመልጥዎትም። ሻጩ የቸኮለበት ምክንያት ሌላ ነው። ቡችሎች ከእናታቸው ወተት አልፈው ምግብ መብላት የሚጀምሩት በአንድ ወራቸው ገደማ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ወር የሻጩ ወጪ ነው። ያንን ወጪ ወደ እርስዎ እያሻገረ ነው።

«ንጹሕ ዘር» የሚለውንም በጥርጣሬ ይስሙት። በአንድ ወሩ የአብዛኛው ቡችላ ጆሮ ወድቆ፣ ፊቱ ድቡልቡል፣ መዳፉ ወፍራም ነው፤ በዚያ ዕድሜ አይቶ ዘሩን በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው ወይ እናትና አባቱን ያውቃል ወይ ይዋሻል። ድቅል መሆን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለድቅሉ የንጹሕ ዘር ዋጋ መጠየቁ ነው። እውነተኛ የጀርመን እረኛ ውሻስ ቢሆን? በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ጀርመን ውስጥ ይህን ዘር ማስመዝገብ ሲጀምር ይፈልግ የነበረው ቀኑን ሙሉ በበግ መንጋ ዙሪያ ሲሮጥ ውሎ የማይሰለች የሥራ ውሻ ነበር። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ከላይኛው ጠጉር ሥር ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ደርቦ ይለብሳል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም በዘር ይወርድበታል። እንዲህ ያለውን ፍጡር በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት፣ በጋራ ግቢ ጥግ፣ በሰንሰለት አስሮ ማዋል ለእሱ ቅጣት፣ ለእናንተ አደጋ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ብልህ ውሻ ከፈዛዛው ይከብዳል። ሥራ ካልሰጡት ራሱ ሥራ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኘው የጎረቤት ዶሮ ነው።

ባለቤትዎ ምርጫቸው ትክክል ነው፤ ምክንያታቸው ግን ስሕተት። የሐበሻ ውሻ የምንለውን አርቢ መርጦ አላራባውም፤ የአገሩ ፀሐይ፣ ረሃብና በሽታ አበጥረውታል። አጭር ጠጉር፣ መካከለኛ ቁመት፣ በጥቂት የሚጠግብ ሆድ፣ የባዕድ ኮቴ ከሩቅ የሚለይ ጆሮ አለው። «አይታመምም» የሚባለው ዓይናችን የሚያርፈው በተረፈው ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ወራቸው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው በአጥር ሥር ያለቁትን የሚቆጥር የለም። ያ ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ፓርቮ የተባለው በሽታ ነው፤ ቫይረሱ ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ባለፈው ዓመት ቡችላ የሞተበት ግቢ ከሆነ፣ ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ማስገባት አስቀድሞ መቃብር መቆፈር ነው። በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ ጀምሮ በመንዘፍዘፍ የሚጨርሰው ዲስቴምፐርም አለ። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ። ሦስቱም ዘር አይጠይቁም።

ስለዚህ የክትባቱን ቀጠሮ ከቡችላው ዋጋ በፊት ያስቡት። ፓርቮንና ዲስቴምፐርን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ ከዚያ እስከ 16ኛው ሳምንት በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደገማል። «አንዴ ተወግቷል፣ ይበቃዋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚደገምበት ምክንያት እናቱ በመጀመሪያው ወተት የሰጠችው መከላከያ በደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ስለሚያከሽፍ ነው፤ ያ መከላከያ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጣል፤ ዓመት ሲሞላው ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በካርዱ ላይ በሚጽፈው ቀን ይቀጥላል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልተቀመጠ ውሃ መውጋት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማቀዝቀዣው መጠባበቂያ እንዳለው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በኪሱ ይዞት የመጣ ሰው ቤትዎ ድረስ ልክተብልዎ ቢል አመስግነው ይሸኙት።

በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ልጅ ያለበት ቤት ነውና። በሰው ላይ ከሚከሰተው የዚህ በሽታ ሞት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል የሚመጣ ነው። ቫይረሱ በምራቅ ይገባና በነርቭ ላይ ተጉዞ አንጎል ይደርሳል። ቁስሉ ለጭንቅላት በቀረበ መጠን ጉዞው ያጥራል፤ ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ፊታቸውን የሚነከሱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሞቱ የማይቀር ነው ለማለት ያስደፍራል። ከምልክቱ በፊት ግን ማዳን ይቻላል። ማንም ሰው በማንም ውሻ ቢነከስ፣ ቢቧጨር ወይም ክፍት ቁስሉን ቢላስ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይድረስ። ጸበል መጠመቅ የሚሻ ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን አያስቀር፣ ቀንም አያሳልፍ። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ፤ 10 ቀን በጤና ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። በንዴት ገድሎ መጣል ይህን ማረጋገጫ አብሮ መቅበር ነው።

አንድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ደግሜ ደጋግሜ የማየው ነው። ውሻው አፉን ከፍቶ ይለሃጫል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይሻክራል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሐኪም የሚያመጣው። የመንጋጋና የጉሮሮ ሽባነት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ዋነኛ መልክ ነው። የሚያብድ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ አይናከስም፤ ጨለማ ጥግ ፈልጎ ዝም የሚልም አለ። እጅዎን አይክተቱ።

ወደ ሳንባው ልመለስ። ሳንባ ርካሽ ነው፣ ውሻም ይወደዋል፤ ጥሬውን መስጠት ግን ከጠየቁኝ ሁሉ አጥብቄ የምከለክለው ነው። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይተው ይሆናል። ያ ከረጢት የአንድ የኮሶ ትል ዘመድ እጭ የሚያድግበት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ወደ ብዙ ጥቃቅን ትሎች ይለወጣሉ። ውሻው አይከሳም፣ አያስልም፣ ምንም አይመስልም። ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው እንቁላል ግን ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ ልጅዎ አቅፋው ትጫወትና እጇን ሳትታጠብ እንጀራ ትቆርሳለች። እንቁላሉ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ዓመታት ወስዶ ያድግና በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ይሆናል። ስለዚህ ሳንባውን ቆራርጠው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ ይቀቅሉት፤ ከረጢት ያለበትን ግን ያቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሩት። የሆድ ትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን አረጋግጠው ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይስጡ። ለቡችላ ደግሞ የወስፋት መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ ሦስት ወሩ ድረስ ያስፈልጋል፤ ወስፋት ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ስለሚተላለፍ ንጹሕ ቤት መወለዱ አያድነውም።

ሳንባ ብቻውን ምግብም አይደለም። የሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም ዓሣ ጋር፣ አልፎ አልፎ እንቁላል ጨምረው ይስጡ። በሁለት ወሩ በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ፣ ሲያድግ ሁለት ጊዜ። የወጥ ትርፍራፊ አይስጡ፤ በርበሬው ቢያቃጥለውም ጉዳቱ ያልፋል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ተበስለውም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ሽሮም ከዚህ አያመልጥም። ዘቢብና ቸኮላታም ክልክል ነው። የሐይቁ ዳር ነዋሪ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ የቀረሶና የአምባዛ ጭንቅላት በርካሽ ይገኛል። ቀቅለው እሾኩን ይልቀሙ፤ ጀልባ ከሚቆምበት ዳርቻ ላይ የተጣለውን ለቅሞ እንዲበላ አይተዉት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አብዛኛው ሥጋ ቤት ሲዘጋና ከቤታችሁም ፍስክ ሲጠፋ ውሻው አብሮ እንዲጾም የሚያደርጉ አሉ። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ሁለት ወር በሽንብራ ገንፎ አይገነባም፤ ለእሱ ዓሣና እንቁላል አስቀድመው ያስቡ።

ስለ ሐይቁ ካነሳሁ፣ ውሻዎን ጣና ወይም ዓባይ ወስደው አይጠቡ። ቅዳሜ ጠዋት ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሻ የሚያጥቡ ጎረምሶች ሳይ የማስበው ስለ ውሻው አይደለም። ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲቆሙ ቢልሃርዝያ በቆዳቸው ዘልቆ ይገባል። ለውሻው ደግሞ አልቅት አለ፤ ሲጠጣ አፍንጫው ውስጥ ይገባና በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ደም ሲንጠባጠብ ሳምንት ያልፋል። የአይጥ ሽንት ባለበት የቆመ ውሃ ውሻንም ሰውንም የሚያጠቃ ጉበትና ኩላሊት የሚጎዳ በሽታ ያመጣል። አመሻሽ ላይ ለግጦሽ የሚወጣ ጉማሬም በሚጮህበት ውሻ አይታገሥም፤ ውሻው ሮጦ የሚጠጋው ደግሞ ወደ እርስዎ ነው። በወር አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

መዥገርን በወረንጦ ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ ቡችላ ላይ መቀባት ስንቱን ገድሏል። ለከብት የተዘጋጀ የአይቨርሜክቲን መርፌም በግምት አይወጋም፤ በአንዳንድ የእረኛ ውሾች ዘር ውስጥ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው አጥር በውርስ የላላ ስለሆነ አደጋው ይከፋል። ዘሩን በማያውቁት ድቅል ላይ ያንን ዕጣ አይሞክሩ።

አሁን ማሰሩ። ጠባቂና የልጅ ጓደኛ የሚጋጩ የሚመስልዎ ጠባቂ ማለት የሚናከስ ስለሚመስልዎ ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ የሚጮህ ውሻ ነው፤ ሌባ የሚሸሸው መታወቁን እንጂ መነከሱን ጠብቆ አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ማንም ሳያስተምረው ይጀምራል። ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ ጆሮ መቁረጥ፣ በርበሬ ማብላት፣ ቀኑን ሙሉ ማሰር ግን ፈሪ ውሻ ነው የሚያፈራው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባና የጎረቤት ሕፃን አይለይም። የታሰረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ የቀረበውን ሁሉ ቀድሞ ይነክሳል። በጋራ ግቢ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚደርስበት ቦታ ሁልጊዜ ልጅ አለ። በሰንሰለት ፋንታ ከግቢው አንድ ጥግ በሽቦ አጥር ይከልሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታና አመሻሽ ላይ በማሰሪያ ይዘው ያንሸራሽሩት፤ ሌሊት በሩ ተዘግቶ ግቢው ውስጥ ይለቀቅ። ከግቢው ውጭ ሌሊት አይልቀቁት፤ በከተማዋ ዳርቻ ጅብ ውሻ ይበላል። የአከራዩ ፈቃድም የጎረቤቶች ፈቃድ አይደለም። እያንዳንዱን በር አንኳኩተው ይጠይቁ። ሙስሊም ጎረቤት ካለ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውንና የሚሰግዱበትን ቦታ እንዳይነካ መጠንቀቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ማደሪያውን በቆርቆሮ ብቻ አይሥሩ፤ ውሻ በመዳፉ ካልሆነ በቀር ስለማያልበው ሙቀት የሚያወጣው በማለክለክ ነው፣ በቀትር የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማለክለክ አያድነውም። ከእንጨት ይሁን፣ ጥላ ሥር ይሁን፣ ለክረምቱ ጎርፍ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይበል።

ምርጫው ላይ እንግዲህ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው አባባል ከሰው ይልቅ ለውሻ ይሠራል። እናቲቱን በገዛ ግቢዋ ይዩአት። ስትገቡ ጮኻ፣ ባለቤቷ ሲያረጋጋት ዝም ብላ ካሸተተቻችሁ ደህና ናት። በፍርሃት ተኮማትራ የምትንቀጠቀጥ ወይም ባለቤቷም የማይቆጣጠራት ከሆነች ቡችሎቿን ይተዉ፤ ጠባይ በውርስም በማየትም ይተላለፋል። ከቡችሎቹ መካከል ቀድሞ ዘሎ ሱሪዎ ላይ የተንጠለጠለውን ልጅዎ ትወደዋለች፣ እርስዎ ግን አይምረጡት። ጥግ የተደበቀውንም በእዝነት አይውሰዱ። ትንሽ አይታ፣ ቀስ ብላ መጥታ ያሸተተችውን ይምረጡ። ዓይኗ የጠራ፣ መቀመጫዋ ንጹሕ፣ ጎኗ ከስቶ ሆዷ ያልተነፋ ትሁን።

«መጥታ» ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ ሴት ውሰዱ። ሴት ውሻ እንደ ወንድ አጥር ዘልላ አትዞርም። የምታስቸግረው በየስድስት ወሩ ገደማ ወንድ ስትፈልግ ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በርዎ ላይ ያድራል፤ ካረገዘችም በ63 ቀን ገደማ ስድስት ሰባት ቡችላ ይዘው መንገድ ለመንገድ ተቀባይ ሲለምኑ ይገኛሉ። መፍትሔው ስድስት ወር ገደማ ሲሞላት በቀዶ ሕክምና ማምከን ነው። «አንዴ ካልወለደች ትታመማለች» የሚባለው መሠረት የለውም፤ ጥበቃዋም አይቀንስም። ቀዶ ሕክምናውን በሙሉ ማደንዘዣ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ግን አሁን ያፈላልጉ፤ ያን ጊዜ አይፈልጉ።

ልጅዎ ውሃ ትቀይር፣ ትጥራት፣ ታበጥራት። ስትበላና ስትተኛ ግን አትንካት። ብቻዋንም ወደ መንገድ ይዛት አትውጣ፤ ውሻዋ ብትጎትታት የምትይዝበት ጉልበት የላትም። ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት። ልጅዎ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ውሻዋ ከእርስዎ ጋር ትቀራለች። ቤት ለመቀየር አስበው ከሆነ ወይም የክትባቱና የምግቡ ወጪ ዛሬ ከከበደዎ ውሻ አይውሰዱ፤ ለበሩ ጥሩ ቁልፍና ለግቢው መብራት ይግዙ።

ካልከበደዎ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ እናቷን በሚያውቁበት ቤት የተወለደች፣ 8 ሳምንት የሞላት የሐበሻ ሴት ቡችላ። ለሻጩም እናቱን አሳየኝ ይበሉት። ሰበብ ከደረደረ፣ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ እንዳለ ይዘው ወደ ቤትዎ ይመለሱ።